ፕላስቲክ ትሮምቦን ለፌስቲቫል፦ የት ይበቃል፣ የት አይበቃም

ተማሪዎችና የሰፈር ሙዚቀኞች ተሰባስበው የትሮምቦን ቡድን ሲያቋቁሙ መጀመሪያ የሚያጥረው ሰው ሳይሆን መሣሪያ ነው። ኖታ የሚያነብ ተማሪ አለ፤ ከሥራ ወጥቶ ማታ ማታ ለልምምድ የሚመጣ ጎልማሳም አለ። የናስ ትሮምቦኑ ግን ሦስት ወይም አራት ቢሆን ነው፤ ከእነሱም የአንዱ ስላይድ (እየተሳበ ድምፁን የሚቀይረው ቱቦ) ተጎድቶ መሀል ላይ ይይዛል። የፌስቲቫሉ ቀን ሲቀርብ «ለምን ፕላስቲኩን አንገዛም?» የሚል ሐሳብ ይነሣል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ይገዛ። ነገር ግን ለስንት ሰው፣ ለየትኛው ድምፅ፣ ለምን ዓይነት መድረክ የሚለው አስቀድሞ ካልታሰበበት ገንዘቡም ልምምዱም ይባክናል።

እዚህ የምንገመግመው ከፕላስቲኮቹ ሁሉ በሰፊው የሚታወቀውን ፒቦንን ነው። የሚያወጣው እንግሊዝ አገር ያለው ዋርዊክ ሙዚክ ነው። ገላው ኤቢኤስ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ባለ ቢ-ፍላት ቴኖር ትሮምቦን ሲሆን ክብደቱ 800 ግራም ገደማ ነው። የቱቦው የውስጥ ስፋት 12.7 ሚሊ ሜትር፣ የቤሉ (ድምፅ የሚወጣበት ሰፊው ጫፍ) አፍ ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ በኩል በተማሪዎች እጅ ከሚታየው ከያማሃ 354 ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ስላይዱ ግን ኤቢኤስ አይደለም። የውጪው ቱቦ ግላስ ፋይበር፣ የውስጡ ካርቦን ፋይበር ነው። ስም የሌላቸው አምሳያዎች ቀለማቸውና ቅርጻቸው ተመሳስሎ ስላይዳቸው ግን ተራ ፕላስቲክ ሊሆን ስለሚችል፣ ስትገዙ ቀለሙን ሳይሆን ስላይዱን ተመልከቱ። የትሮምቦን ነገር ሁሉ የሚያልቀው እዚያ ነው።

ከስላይዱ እንጀምር። አዲስ ፒቦን ከካርቶን ወጥቶ በዚያው ሳምንት መድረክ ላይ መውጣት የለበትም። ቱቦዎቹ እስኪላመዱ ድረስ ይጎትታል፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እየተጫወቱበት ሁለት ሳምንት ያህል ቢሰጠው ጥሩ ነው። የሚፈልገው ቅባት ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው፦ ጸጉር ቤት የሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሽ መርጫ ጠርሙስ ይያዝና፣ ስላይዱ ወደ ታች ተዘርግቶ የውስጡ ቱቦ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ይረጫል፤ ከዚያ ሙሉውን ርዝመት አምስት ስድስት ጊዜ መሳብና መመለስ ነው። ውኃው እንደ ደረቀ ይደገማል። ልምምድ ላይ አሥር ደቂቃ ቢቆይ፣ ፀሐይ ያለበት መድረክ ላይ ከዚያም ባነሰ ጊዜ ይደርቃል። ቤት ውስጥ ስላለ ብቻ ቫዝሊን የሚቀባ አለ፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ከነዳጅ የሚወጣ ቅባት ኤቢኤስን በጊዜ ብዛት ያሰነጥቀዋል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ አቧራውን ሰብስቦ ስላይዱን እንደ አሸዋ ወረቀት ያደርገዋል። ግንባታ በማይቋረጥበት በመሀል አዲስ አበባ ይህን አቅልሎ ማየት አይቻልም።

ስላይዱ ደኅና መሆኑን ለማወቅ መሣሪያውን ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ የስላይዱን ቁልፍ መፍታት፣ ከታች እጅን ዘርግቶ የውጪውን ቱቦ በራሱ ክብደት እንዲወርድ መተው ነው። የናሱ ስላይድ ሾልኮ ይወርዳል። የፕላስቲኩ ዝግ ይላል፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን ጠባዩ ነው። መቆም ግን የለበትም። ከቆመ የሚቆምበትን ቦታ ልብ በሉ። ሦስቴ ሞክራችሁ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ቱቦዎቹ ትይዩነታቸውን አጥተዋል፤ ማጠብ አይረዳውም። በየጊዜው የሚቆምበት ቦታ ከተለያየ ግን ቆሻሻ ነው፤ ለብ ባለ ውኃና በጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ታጥቦ፣ በማጽጃ ዘንግ ላይ በተጠቀለለ ያረጀ የጥጥ ከነቴራ ጨርቅ ይወለወላል። የዘንጉ ጫፍ በጨርቅ ተሸፍኖ መግባት አለበት፤ ብረቱ የውስጡን ቱቦ አንዴ ከጫረው ጭረቱ አይወጣም።

ትይዩነቱን የሚያሳጣው አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታው ሳይሆን ጉዞው ነው። የናስ ትሮምቦን በጠንካራ ሣጥን ይሄዳል፤ ፕላስቲኩ በለስላሳ ቦርሳ። ቀላል በመሆኑ ሰው ይደፍረዋል፤ ሚኒባስ ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ይወረወራል፣ ሌላ ቦርሳ ይጫንበታል። ስላይዱን ቆልፎ፣ ቦርሳውን ቀጥ አድርጎ በጉልበት መሀል ይዞ መሄድ ነው። ወንበር ላይ ማስደገፍም አይገባም፤ ሰው ሲያልፍ ይወድቃል። ናስ ሲወድቅ ይጎደጉዳል፤ ፕላስቲክ አይጎደጉድም፣ ይሰነጠቃል፤ የሚሰነጠቀውም አብዛኛውን ጊዜ እጅ በሚይዘው ማገናኛ ላይ ወይም በስላይዱ ጫፍ መታጠፊያ ላይ ነው። ለጊዜው በፈጣን ሙጫ ይያዛል፤ ሙጫው ከመንካቱ በፊት ግን ቱቦዎቹ ትይዩ መሆናቸው ይረጋገጥ፤ ጠምሞ ከደረቀ ስላይዱ መቀየሩ ነው።

ወደ ድምፁ እንምጣ። አዲስ አበባ ለናስ ባንድ እንግዳ አይደለችም። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ለከተማዋ የናስ ጨዋታን አለማመዱ፤ ከዚያ በኋላ የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ባንዶች ያንን ድምፅ በየአደባባዩ አሰሙት። አድማጩ «ትሮምቦን» ሲባል በጆሮው የሚመጣበት ያ ሲነፉት የሚያብረቀርቅ የናስ ድምፅ ነው። ፕላስቲኩ ይህን አይሰጥም። በለስላሳና በመካከለኛ ኃይል ሲነፋ ክብና ደስ የሚል ነው፤ ከናስ ጋር ሲዋሐድ የትኛው የቱ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። በኃይል ሲነፋ ግን ናሱ ስለት ያወጣል፤ ፕላስቲኩ ይጮኻል እንጂ አይሳልም። ተጫዋቹ ያንን ስለት ፍለጋ አብዝቶ ሲገፋ ከንፈሩ ይደክማል፤ ሁለተኛው ዜማ ላይ ድምፁ ይሰበራል።

ስለዚህ ምክራችን አንድ ነው፦ ፕላስቲኩ ከቡድኑ ሲሶ አይበልጥ፣ ቦታውም መሀል ይሁን። በአራት ድምፅ የተቀናበረ፣ በእያንዳንዱ ድምፅ ሦስት ሰው ያለው የ12 ሰው ቡድን እንውሰድ። አንደኛው ድምፅ ሦስቱም ናስ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው እያንዳንዳቸው አንድ ናስና ሁለት ፕላስቲክ፤ አራተኛው ሦስቱም ናስ። አራቱ ፕላስቲኮች መሀል ላይ ገብተው ስምምነቱን ያወፍራሉ፤ ከላይ ስለቱ፣ ከታች መሠረቱ የናስ ሆኖ ይቀራል። ስምንት ሰው ከሆነ ሁለት ፕላስቲክ በቂ ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ድምፅ አንድ አንድ።

አራተኛው ድምፅ ላይ ፕላስቲክ የማይገባበት ሌላም ምክንያት አለ። ቀጥተኛ ቴኖር ትሮምቦን፣ የናስም ይሁን የፕላስቲክ፣ በሰባተኛው ፖዚሽን (ፖዚሽን ማለት ስላይዱ የሚቆምበት ቦታ ነው፤ አንደኛው የተዘጋው፣ ሰባተኛው ሙሉ የተዘረጋው) ታችኛውን ኢ ከነካ በኋላ እስከ ቢ-ፍላት ፔዳል፣ ማለትም ስላይዱ ተዘግቶ እስከሚወጣው ዝቅተኛው ድምፅ፣ ድረስ ባዶ ነው፤ ኢ-ፍላት፣ ዲ፣ ዲ-ፍላትና ሲ የሉትም። እነዚህን የሚያወጣው በግራ አውራ ጣት የሚሠራው የኤፍ ቫልቭ ነው። ቫልቭ የሌለው መሣሪያ ለባስ ተጫዋች ሲሰጥ እነዚያን ኖታዎች አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ ይጫወታቸዋል፤ መሠረቱ ወደ ላይ ይወጣና የቡድኑ ድምፅ ወለል እንደሌለው ቤት ይሆናል። ያለው የኤፍ ቫልቭ አንድ ብቻ ቢሆን እንኳ ያ አንዱ ለባሱ ይሰጥ።

እንግዲህ ስላይዱ ዝግ የሚል ከሆነ ቅንብሩ ሊያግዘው ይገባል። ብዙ ቡድን ይህን ባለማወቅ መሣሪያውን ያማርራል። አንቺሆዬን እንውሰድ። ቢ-ፍላት መሣሪያ ስለሆነ ብሎ አንቺሆዬን ከኤፍ የሚጀምር አቀናባሪ ኤፍ፣ ጂ-ፍላት፣ ቢ-ፍላት፣ ቢ፣ ዲ ይጽፋል። ፖዚሽኖቹን ቁጠሩ፦ 1፣ 5፣ 1፣ 4፣ 1። ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ፖዚሽን 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ፈጠን ያለ ዜማ ላይ ክንዱ ይህን እየተመላለሰ ሊደርስ አይችልም፣ በፕላስቲክ ስላይድማ ጨርሶ አይሆንም። ያንኑ ቅኝት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ከኢ ጀምሩት፦ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ-ፍላት፣ ሲ-ሻርፕ። ፖዚሽኖቹ 2፣ 1፣ 2፣ 1፣ 2 ይሆናሉ። ላይኛው ኢም ሁለተኛው ላይ ነው። እጁ ከስምንት ሴንቲ ሜትር በላይ ሳይንቀሳቀስ ቅኝቱ ሁሉ ይወጣል። ኪቦርዱ በቁልፍ ይቀየራል፣ ክራሩ በመቃኛው ይወርዳል፤ ድምፃዊውም ለግማሽ ድምፅ አይከፋም። ትዝታ ሜጀር በቢ-ፍላት ደግሞ በራሱ ይመቻል፦ ቢ-ፍላት 1፣ ሲ 3፣ ዲ 1፣ ኤፍ 1፣ ጂ 4። ጂን ገባ ባለ ሁለተኛ ፖዚሽን የሚጫወት ጎበዝ አለ፤ ለጀማሪ ግን አራተኛው ያስተማምናል።

መቃኛው ላይ ሁለት ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል። አንደኛው 14 ነው። አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው ብንል፣ በአንደኛ ፖዚሽን የሚወጣው መካከለኛው ዲ ከኪቦርዱ ዲ 14 ሴንት ያህል ዝቅ ይላል። ይህ የተፈጥሮ ነገር ነው፤ የመሣሪያ ጉድለት አይደለም። በቢ-ፍላት አኮርድ ውስጥ ዲ እንደ ሦስተኛ ድምፅ ሲቀመጥ ይህ ዝቅታ ትክክል ነው፣ አኮርዱ ረግቶ ይቆማል። ዜማውን ከኪቦርድ ጋር አንድ ላይ ሲይዙ ግን ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ ስላይዱም አንደኛው ላይ ጥርቅም ብሎ ስለተዘጋ ከፍ የሚደረግበት መንገድ የለም። መፍትሔው ቀላል ነው። ቱኒንግ ስላይዱን (በቤሉ በኩል ያለውን የመቃኛ ቱቦ) ጥቂት ወደ ውስጥ ገፍቶ አንደኛውን ፖዚሽን ከመዘጊያው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ አድርጎ መያዝ ነው፤ የጣት ወርድ ማለት ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ስላይድ 12 ሴንት ያህል ይለውጣል፤ ለዲው ሲያስፈልግ ያንን መዝጋት ይበቃል። ጀማሪዎች ይህን ከመጀመሪያው ቀን ቢለማመዱ በኋላ የሚፈርስ ልማድ አይኖርባቸውም።

ሁለተኛው ቁጥር 3 ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ድምፁ 3 ሴንት ያህል ይወርዳል። ልምምዱ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ተደርጎ ጨዋታው በታኅሣሥ ማታ ደጅ 12 ዲግሪ ላይ ቢሆን እስከ 24 ሴንት፣ የግማሽ ድምፅ ሩብ፣ ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። እስትንፋስ ስለሚያሞቀው ሙሉውን አይወርድም፤ ኪቦርዱ ግን ምንም ስለማይወርድ ልዩነቱ ይሰማል። 24 ሴንት ለመመለስ ቱኒንግ ስላይዱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ መገፋት አለበት። ልምምድ ላይ ከዚያ ያነሰ ብቻ ወጥቶ ከነበረ መድረክ ላይ የሚገፋ ነገር አይኖርም። ስለዚህ ሞቃት ክፍል ውስጥ ስትቃኙ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደ ወጣ በማስመሪያ ለኩና ኖታው ጥግ ላይ ጻፉት። ናሱ ሙቀትን ቶሎ ይቀበላል ቶሎም ይሰጣል፤ ፕላስቲኩ ግን ዝግ ይላል፣ ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ፍጥነት አይሞቁም። አንዴ ተቃኝቶ አንድ ሰዓት መጠበቅ አይሠራም፤ ከመውጣታችሁ አምስት ደቂቃ በፊት ባሱ ቢ-ፍላት ይያዝ፣ ናሶቹ ይከተሉ፣ ፕላስቲኮቹ መጨረሻ ላይ ይግቡ።

የከተማዋ ከፍታስ? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ይህ ግን ቅኝቱን አይነካውም። ድምፁን የሚያወርደውና የሚያወጣው ሙቀቱ ነው። ከፍታው የሚሰማው ከቆላ የመጣ እንግዳ ተጫዋች ረጅም ሐረግ ሲይዝ ትንፋሹ ቶሎ ሲያልቅበት ነው፤ ለእሱ መተንፈሻ ቦታ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል።

ለፕላስቲኩ ሙሉ ነጥብ የምንሰጥበት ቦታም አለ። ዝናብ ቢያካፋ አይዝግም፤ ከንፈር ላይ አይቀዘቅዝም፤ ልጅ ለአንድ ሰዓት ቢይዘው ትከሻው አይደክምም። እየተራመዱ ለሚጫወቱት ሰልፍ ከናሱ የተሻለ ነው። ዋጋውም ከተማሪ ናስ እጅግ ያነሰ ስለሆነ አዲስ ልጅ ወደ ቡድኑ ለማስገባት ወላጅን ብዙ ማስጨነቅ አይጠይቅም። ክንዱ ስድስተኛና ሰባተኛ ፖዚሽን ለማይደርስ ሕፃን ፒቦን ሚኒ የሚባለው አለ፤ ነገር ግን እሱ ኢ-ፍላት መሣሪያ ነው። አንደኛው ፖዚሽን ላይ የሚወጣው ኢ-ፍላት ስለሆነ የቢ-ፍላቱን የፖዚሽን ቁጥር አይቶ የሚጫወት ልጅ ሁሉንም ኖታ ይስታል። ለእሱ ለብቻው ፖዚሽን የተጻፈበት ኖታ ይዘጋጅለት።

ከፒቦን ጋር የሚመጣው የፕላስቲክ ማውዝፒስ (ከንፈር የሚያርፍበት መንፊያ) 6½ኤኤል ልክ ነው፤ ለጀማሪ ይበቃል፣ የድምፁን አነሣሥ ግን ያደበዝዘዋል። በተመሳሳይ ልክ የብረት ማውዝፒስ ቢተካ ምላሱ ይጠራል። መሣሪያው ውስጥ የሚገባው እግሩ ቀጭን መሆኑን እዩ፤ የትልቁ ትሮምቦን ወፍራም እግር ጫፉ ላይ ብቻ ይይዝና ይወዛወዛል። ሲገባ በቀስታ መጠምዘዝ እንጂ በመዳፍ መምታት የለም። ብረቱ ፕላስቲኩ ውስጥ ከተጣበቀም በመዶሻ አይነካ፤ በእጅ ቀስ እያሉ እያዞሩ ማላቀቅ ነው።

ስለ ቀለም አንድ ነገር እንበል፤ ስሕተቱ በተደጋጋሚ ስለሚፈጸም። ፒቦን በብዙ ቀለም ይወጣል። አዘጋጆች አረንጓዴውን፣ ቢጫውንና ቀዩን ከፊት መደርደር ይወዳሉ፤ ለፎቶ ያምራል፣ ተመልካቹም ያጨበጭባል። ድምፁ ግን ይበላሻል፦ ደካማው ፊት ላይ፣ የናሱ ቤል ከጀርባው ሆኖ ጆሮው ላይ ይነፋበታል፤ ፕላስቲክ የያዘው ልጅ ራሱን አይሰማም፣ ስለማይሰማም ይገፋል፣ ሲገፋ ቅኝቱ ይወጣል። አንድ ረድፍ ግማሽ ክብ ሠርታችሁ ባለ ቀለሞቹን መሀል አቀላቅሉ፤ ቀለሙም እንዲሁ ይታያል። በሰው መካከል አንድ ሜትር፣ ከኖታ መቆሚያው ፊት ደግሞ ስላይዱ ሙሉ የሚዘረጋበት ቦታ ይኑር።

አዳራሽ ውስጥ፣ ለምሳሌ እንደ ብሔራዊ ቴአትር ባለ ቤት፣ ግድግዳው ድምፁን ስለሚመልሰው ፕላስቲኩ ራሱን ችሎ ይሰማል። እንደ መስቀል አደባባይ ባለ ሜዳ ግን የሚመልሰው ነገር የለም፤ ጄኔሬተሩም አጠገብ ይኖራል። እዚያ ማይክ ግዴታ ነው። የድምፅ ባለሙያው ማይኩን ቤሉ ፊት ለፊት ሊያቆመው ይፈልጋል፤ ግማሽ ሜትር አርቆ ከቤሉ መሀል ትንሽ ጎን እንዲያደርገው ጠይቁት፤ አለዚያ ናሱ ይሰነጥቃል፣ የምላሱ ጭረትም ይገባል። ማይኮቹ ካነሱ ቅድሚያ ለፕላስቲኮቹ ይሰጥ፣ ናሱ በራሱ ይደርሳል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ ፊት አሥር ደቂቃ ውሰዱ። ስላይዱን ነቅላችሁ የውስጥ ቱቦዎቹን በብርሃን ፊት ዘርግታችሁ ተመልከቱ፣ ትይዩ መሆን አለባቸው። የውኃ ማፍሰሻውን ዝጉ፣ የስላይዱን አንድ አፍ በመዳፍ ድፈኑ፣ በሌላው ንፉ፤ አየር ካፈሰሰ ማፍሰሻው ላይ ወይም መታጠፊያው ላይ ክፍተት አለ። ቁልፉ ሲዘጋ ጠበቅ ማለት አለበት፤ የላላ ቁልፍ ማለት መሣሪያውን ስታነሡ የውጪው ቱቦ ወለል ላይ ይወርዳል ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ነፍታችሁ ከቢ-ፍላት እስከ ሰባተኛው ፖዚሽን አንድ በአንድ ውረዱ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ፖዚሽኖች ላይ ስላይዱ ከላላና ከተንቀጠቀጠ ሌላ እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ውኃውን በማፍሰሻው ማውጣት፣ ስላይዱን ነቅሎ ማራገፍ፣ ቦርሳው ውስጥ እርጥብ ሆኖ ሳያድር ጥላ ውስጥ ክፍት አድርጎ ማድረቅ ነው። ፀሐይ ላይ ወይም መኪና መስተዋት ሥር ማስቀመጥ የለም፤ ቀጭኑ ቱቦ ይጠማል፣ የጠመመው ደግሞ በውኃ መርጫ አይቃናም።